ከሆዷ የምትነሳ መንኮራኩር

በክንፏ አነሷት።

አማቹ በአንድ ወገን፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት በሌላው ወገን ሆነው፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ብለው፣ ጠረጴዛ እንደሚያነሱ ሰዎች ጎንበስ ብለው ቀና አሉ። አባትየው ግድግዳው ጥግ በተሰጠው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያቸዋል። ከሆዷ ነው የምትነሳው። ሁለት መዳፍ ከሥሯ ገብቶ፣ እንደ አራስ ልጅ ተደግፋ። ሳሎኑን ከሞሉት ለቅሶ ደራሾች መካከል ይህን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም።

ሦስት እርምጃ ሄዱ። በአራተኛው የቀኝ ክንፏ አማቹ እጅ ላይ ቀረ፤ ቀሪው አካሏ ወደ ጎረቤቱ አዘንብሎ መሃሉ ላይ ተገመሰ። ከዚያ የተሠራችባቸው ጡቦች ወለሉን መቱት። ድምፁ ቶሎ አላለቀም። የጣት ጥፍር የሚያካክሉ የፕላስቲክ ጡቦች፣ አራት ሺህ ገደማ፣ መጀመሪያ በአንድነት፣ ከዚያ በየተራ ወረዱ። በመጨረሻ አንዲት ክብ ጡብ ብቻዋን እየተንከባለለች ከመደርደሪያው ሥር እስክትገባ ድረስ ሰው ሁሉ ሲኒውን እንደያዘ ጠበቀ።

አማቹ ክንፉን ይዞ ቆሞ ቀረ። የአባትየው እህት ባል ነው፤ ሠላሳ ዓመት የቤት ዕቃ ሲያጓጉዝ የኖረ ሰው። ቁም ሣጥን፣ ማቀዝቀዣ፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ መስታወት ሳይቀር በጠባብ ደረጃ አውርዷል፤ በተገኘበት ግብዣ ሁሉ «እስከ ዛሬ አንዲት ብርጭቆ አልሰበርኩም» ሳይል አይወጣም። ትልቅ ዕቃ በሁለት ጫፍ ይያዛል። ሌላ አያያዝ አያውቅም።

«እኔ እኮ በማጣበቂያ የተሠራች መስሎኝ…» አለ።

«ዝም በል!» አለች ሚስቱ። የአባትየው ታላቅ እህት፣ የሟቹ ልጅ አክስት ነች፤ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ሆና ጡረታ የወጣች፣ ሐዘን ቤትም ሠርግ ቤትም ስትገባ መጀመሪያ እጅጌዋን የምትሰበስብ ሴት። «ድምፅህን ዝቅ አድርግ። ትሰማለች።»

ሁሉም ወደ መኝታ ቤቱ በር ዞሩ።

እናትየው ትናንት ከቀብር ከተመለሰች ወዲህ እዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም ለአክስትየዋ እንጂ ለባሏ አይደለም። የልጄን መንኮራኩር ማንም እንዳይነካት፣ ነበር ያለችው።

«ምንድን ነው የወደቀው?» አለች አሁን ከውስጥ።

«ሰሃን ነው፣ የኔ እናት። አንቺ አረፍ በይ።»

«መንኮራኩሯስ?»

አክስትየዋ ወለሉን አየች። «ወደ ልጁ ክፍል አስገባናት። ደህና ናት።» ከዚያ በሹክሹክታ፣ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም፣ «ምን ልበላት ታዲያ? ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፣ ለሲኒና ለፔርሙስ ማስቀመጫ የለም። እንዳትነካ ብዬ እኮ ነው ወደ ውስጥ አስገቧት ያልኩት!»

«እንዳትነካ ብለሽ ሁለት ሰው ጠራሽባት» አለ አማቹ፣ ክንፉን አሁንም እንደያዘ።

አባትየው ከወንበሩ ወርዶ ተንበረከከ። ከጠዋት ጀምሮ የተንቀሳቀሰው ገና አሁን ነው። እሱን አይተው ሌሎቹም ተንበረከኩ። አብዛኞቹ ወንዶች የእሱ ፀጉር ቤት ደንበኞች ናቸው፤ ሱቁ ከተዘጋ አርባ ቀን አልፎታልና ሁሉም ጎፈሬ ሆነዋል። ፋርማሲስቱ ከሶፋው ሥር ጡብ እየለቀመ፣ «እንዲህ ሆኜ መምጣቴን ይቅር በለኝ» አለው በጆሮው። «ሌላ ሰው ጋ ሄጄ መቆረጥ ከበደኝ።» አባትየው ራሱን ነቀነቀ። ጡቦቹን ሰማያዊ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ጨመሯቸው።

አክስትየዋ ሳፋውን ወደ ልጁ ክፍል ይዛ ስትገባ ወንድሟን አስከተለችው።

«ከነገ ወዲያ ወንበሮቹ ይመለሳሉ፣ ሰዉም ይቀላል። ያኔ መነሳቷ አይቀርም፤ ተነስታም መጀመሪያ እዚህ ነው የምትመጣው። እስከዚያ ትሠራታለህ አይደል? አብረኸው ስትሠራ አልነበር እንዴ?»

«እሠራታለሁ» አለ።

ወለሉ ላይ ተቀመጠና እጁን ሳፋው ውስጥ ከተተ። ጡቦቹ ቀዝቃዛ ነበሩ።

*

ጡቦቹ ወደዚህ ቤት የገቡት ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ ነው። ልጆቹ ያደጉበት አንድ ደንበኛ ሙሉ ከረጢት ይዞ መጥቶ፣ «ለልጅህ ይሁን» አለ። ከረጢቱ ውስጥ አንድም የተሟላ ነገር አልነበረም፤ የግንብ ጫፍ፣ የእሳት አደጋ መኪና በር፣ የጀልባ ግማሽ። እንዴት እንደሚገጣጠሙ የሚያሳይ ወረቀትም የለም። ልጁ የፀጉር ቤቱ ተራ መጠበቂያ አግዳሚ ላይ ዘረገፋቸውና ሦስት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ ሲታገላቸው ከርሞ፣ አንድ ቀን የሠራውን መስታወቱ ሥር አምጥቶ አቆመ።

«ጫማ ነው?» አለው አባቱ።

«መንኮራኩር ናት።»

«ተረከዝ አላት እኮ።»

«ተረከዙ ሞተሩ ነው።»

ወንበሩ ላይ የነበረው ደንበኛ ፊቱ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ እስኪንፈቀፈቅ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ በመንደሩ ውስጥ ልጁን በስሙ የሚጠራው አልተገኘም። ካፒቴን ሆኖ ቀረ።

ካፒቴን አደገ፣ ሥራ ያዘ፤ የአሳንሰር ጥገና ባለሙያ ሆነ። ጡቦቹን ግን አልተዋቸውም። የአሁኗን፣ ትልቋን፣ ከአራት ዓመት በፊት ጀመራት። የማንንም ሥራ አልቀዳም፤ ከራሱ ጭንቅላት ነው ያወጣት። የሚፈልጋትን ጡብ ካላገኘ ሳምንት፣ ወር ይጠብቃል እንጂ በሌላ አይተካም። ማንም የማያያቸው ክፍሎች ሁሉ ውስጧ አሉ፤ መኝታ አለ፣ ማዕድ ቤት አለ፣ በር ከተከፈተ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ወንበር አለ። ሲጨርስ ከላይ ይደፍናቸዋል። «ማን ሊያየው?» ሲሉት፣ «ውስጥ ያሉት» ይላል።

አባትየው በዚህ ብዙ ቀልዷል። «የኔ ልጅ ወደ ሰማይ ሊሄድ ነው፤ እኔ ግን እዚሁ ምድር ላይ ነው የምቆርጠው» ይል ነበር፣ ሱቁ ሙሉ ሰው ይስቃል። «ሚስት እንፈልግለት ስንል ጡብ ፈልጉልኝ ይላል!» አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ካፒቴን ራሱም አብሮ ይስቃል። ታዲያ አሁን፣ ሳፋው ፊት፣ ያ ሳቅ ትዝ ሲለው የሚያየው የልጁን ጥርስ ብቻ ነው። ዓይኑም ስቆ እንደሆነ አያስታውስም።

*

በማግስቱ ከሰዓት የልጁ የሥራ ባልደረባ መጣ። ቁመቱ አጭር ስለሆነ፣ በጠባቡ የአሳንሰር ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ መሥራት የእሱ ድርሻ ነው፤ «ትንሹ» ይሉታል። አክስትየዋ ቡናውን አቀብላው ገና ሳይቀምሰው ክንዱን ይዛ ወደ ክፍሉ መራችው።

ትንሹ ሳፋውን ሲያይ ሲኒውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ እጁን ከትቶ ሲያገላብጥ አንዲት ያልፈረሰች ነገር አወጣ፤ የክብሪት ቀፎ የምታህል ሳጥን፣ ጫፏ ላይ ጥቁር የልብስ ስፌት ክር የተንጠለጠለባት።

«ይቺ ተርፋለች» አለ። «አሳንሰሯ። በዚህ ምክንያት ስንት ቀን ተከራክረናል መሰለዎት፣ ጋሼ! ላይና ታች በሌለበት ሀገር አሳንሰር ምን ይሠራል አልኩት። ‹ለእማዬ ጉልበት ነው› አለኝ። ‹አራት ፎቅ በደረጃ እየወጣሁ ያደግኩበት ቤት ውስጥ አሳንሰር መግጠም አልቻልኩም፤ እዚህ ብገጥም ምን አለበት?›»

አባትየው ሳጥኗን ተቀብሎ መዳፉ ላይ ያዛት።

ትንሹ ከቦርሳው አንድ ማኅደር አወጣ። ካፒቴን ታሞም ሥራ ይመጣ በነበረበት ጊዜ መሥሪያ ቤት መሳቢያው ውስጥ የተወው ነው፤ በአሳንሰር መመርመሪያ ቅጾች ጀርባ ላይ የተነደፉ ሥዕሎች። አባትየው ሲያያቸው እጁን ዘረጋ። ወለሉ ላይ ደረደሯቸው። አፍንጫዋ አለ፣ ክንፎቿ አሉ፣ ርዝመቷ በጡብ ተቆጥሮ ተጽፏል። ትንሹ ሹራቡን አወለቀና ግራጫዎቹን ለብቻ፣ ነጮቹን ለብቻ ይለይ ጀመር። ግማሽ ሰዓት ያህል ሁለቱም ከሐዘን ቤት የወጡ ያህል ነበሩ።

ከዚያ መሃለኛው ወረቀት ላይ ደረሱ። የሆዷ ሥዕል መሆን ያለበት ቦታ ባዶ ነው። አራት ማዕዘን ተሠምሮ፣ ውስጡ በእርሳስ ተጽፎበታል። ትንሹ አነበበው፣ ፊቱም ፈካ።

«ይኸው፣ ጋሼ! ‹ውስጡን አባዬ ያውቀዋል› ይላል። እርስዎ ያውቁታል!»

አባትየው ወረቀቱን ተቀበለ። የልጁ ጽሕፈት ነው፤ በሕመሙ ጊዜ የተጻፈ፣ ፊደሎቹ የተንቀጠቀጡ። አንድ ጡብ አነሳ። ወደ ሌላው አስጠጋው። አዞረው። ሌላ አነሳ። አውራ ጣቱ መጫን የሚፈልግ ይመስል ተንቀሳቀሰ፤ የት ላይ እንደሆነ ግን አያውቅም። ትንሹ ይጠብቃል።

«ቀስ ብለው፣ ጋሼ። ይመጣል።»

አልመጣም።

*

የመድኃኒቱ ነገር ነው፤ መጀመሪያ የልጁን ፀጉር ወሰደ፣ ቀጥሎ የጣቶቹን ጫፍ። ፀጉሩን አባቱ ራሱ በምላጭ ላጨው፤ «አባዬ፣ ጆሮዬን አደራ» እያለ ሲያሾፍበት። ጣቶቹ ግን ደነዘዙ፤ ጡብ ይይዛሉ፣ ጫን ብለው ማስገባት አይችሉም። አንድ ጠዋት አባትየው ልጁን ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ አንዲት ጡብ በመዳፉ ግርጌ ሊያስገባ ሲታገል አገኘው። ምንም ሳይል ወንበር ስቦ ተቀመጠና አውራ ጣቱን ሰጠው።

«እዚህ ጫን» አለ ልጁ።

ስምንት ወር እንዲያ ሆነ። ጠዋት ጠዋት፣ ሱቁን ሳይከፍት በፊት፣ በኋላም ሱቁን መክፈት ሲተው ቀኑን ሙሉ። እዚህ ጫን። አይደለም፣ ወደ ግራ። አሁን ያዘው። አሁን ልቀቀው።

«እያየህ ነው፣ አባዬ?»

«እያየሁ ነው።»

ፀጉር አስተካካይ እጁን አያይም። መቀሱን የሚያይ ጀማሪ ነው፤ ይህን ለስንት ተለማማጆች ነግሯል። እጅ ሥራውን ይሠራል፣ ዓይን መስታወቱ ውስጥ የሰውየውን ፊት ይጠብቃል፤ ሲያመው፣ ሲደብረው፣ ሲያንቀላፋ ከዚያ ይታወቃል። ሠላሳ አምስት ዓመት እንዲያ ሠርቷል። ልጁ ጡቡን ሲያሳየው አባቱ የልጁን እንደ ሰሌን የደረቀ ከንፈር ያይ ነበር። ጆሮ ግንዱ ላይ የምትመታውን ደም ሥር። በቅንድቦቹ መካከል ያለችውን፣ ሕመሙ ሲነሳ የምትጠልቀውን መስመር። ከመንኮራኩሯ ለእሱ የቀረው አውራ ጣቱ ላይ ያለው ክብ ክብ ሰንበር ብቻ ነው።

በመጨረሻው ቀንም ፊቱን እያየ ነበር። ልጁ ትራስ ተደግፎ፣ «አፍንጫዋን ነገ እንጨርሳለን» አለ። አባትየው ነገ እንደሌለ ከፊቱ ላይ አየ። እናትየው አምስት እርምጃ የማይሞላ ቦታ ላይ፣ በረንዳው ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር፤ የመቆንጠጫዎቹ ድምፅ ይሰማል። ስሟን ቢጠራ ትደርሳለች። አፉን ከፈተ። አውራ ጣቱን ጡቡ ላይ እንደጫነ ቀረ። ባዶ ሳፋዋን ይዛ ስትገባ ሁሉም አልቆ ነበር።

«ለምን አልጠራኸኝም?» አለችው። አንድ ጊዜ ብቻ። መልስ ስታጣ ሌላ ቃል አልጨመረችለትም።

*

በሦስተኛው ቀን ወንበሮቹ ተመለሱ። አማቹ ስድስት ስድስቱን እያነባበረ በደረጃው ሲያወርድ አንዴም ግድግዳ አልነካም፤ ማንም ግን አላመሰገነውም፣ እሱም ስለ ብርጭቆ አላወራም። ትንሹ ማታውን ሁሉ አስቦ ሌላ ዘዴ ይዞ መጥቶ፣ ያም ሳይሆን ቀርቶ ወደ ሥራው ሄዷል። አክስትየዋ ሲኒ እያጠበች በየደቂቃው ወደ ክፍሉ ብቅ ትላለች።

«እህ?»

«ገና ነኝ።»

«ቢያንስ ከውጭ እንድትመስል አድርጋት፤ ውስጧን ማን ያየዋል?»

ከጠዋት ጀምሮ የገጣጠማት ነገር ጉልበቱ ላይ ነበረች። ሃያ የማይሞሉ ጡቦች።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። አክስትየዋ ኮሪደሩ ላይ፣ «ቆይ፣ የኔ እናት፣ መጀመሪያ ትንሽ ነገር ቅመሺ…» ስትል ተሰማ። የሚስቱን እርምጃ ያውቀዋል፤ ቀኝ እግሯን ቀድማ፣ ግራውን እየጎተተች። ለመነሳት አሰበ። ሳፋውን ለመሸፈን አሰበ። ሁለቱንም አላደረገም።

እናትየው ደፉ ላይ ቆመች። ጥቁር ሹራቧ ተኝታበት ተጨማዷል። ሳፋውን አየች። ወረቀቶቹን አየች። ከዚያ ጉልበቱ ላይ ያለችውን።

«ጫማ ይመስላል» አለች።

ከሦስት ቀን በኋላ ለእሱ የተናገረችው የመጀመሪያው ቃል ነው።

«በክንፏ አነሷት» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። «ሲያነሷት አየሁ። አፌ አልከፈት አለኝ። አየሁ፣ ግን… ያን ቀንም እንዲሁ ነው። አንቺን ልጠራ ነበር። አፌ…» ሌላ ለመጨመር ፈልጎ አጣ። «እሠራታለሁ ብዬ ነበር። አልቻልኩም። አላውቀውም። ስምንት ወር ሙሉ ስጭን ከርሜ ምን እንደጫንኩ አላውቀውም።»

አላጽናናችውም። አልተቆጣችውምም። የአልጋውን ጠርዝ ይዛ፣ ጉልበቷ እየጮኸ፣ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ወረደች። እጇን ሳፋው ውስጥ ከትታ ጥቂት አገላበጠችና አንድ ረጅም ግራጫ ጡብ አወጣች። አጠገቡ አስቀመጠችው። ሌላ አወጣች፤ ጎን ለጎን ገጠመችው። የመንኮራኩሯ የጀርባ አጥንት ነው። እንኳን ሥዕሉን፣ እጇንም ብዙ አላየችም።

«ታውቂዋለሽ» አለ።

«በሩ ላይ እቆም ነበር።» ሦስተኛውን ጡብ ፈለገች። «ፊቱን ማየት ሲያቅተኝ እሷን አይ ነበር።»

አክስትየዋ ፎጣ እንደያዘች በሩ ላይ ደርሳ፣ አይታቸው፣ ወደ ኋላዋ ተመለሰች።

የመንኮራኩሯ ወለል እስከ መኝታው፣ ከዚያም እስከ ማዕድ ቤቱ ድረስ ተሰናዳ። እሷ ታስቀምጣለች፣ ማስገባት ግን አትችልም፤ ጣቶቿ በቁርጥማት ካበጡ ቆይተዋል። እሱ ይጭናል። አሳንሰሯን ሲያቀብላት ክሯን በሁለት ጣቷ ይዛ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ አደረገቻትና ቦታዋ ላይ አቆመቻት። ከዚያ እጇ ሳፋው ጠርዝ ላይ ቀረ።

«ከዚህ በላይ አላውቅም» አለች።

«እንዴት?»

«ከዚያ ወዲያ እሷንም ማየት አቅቶኝ ነበር።»

ሳፋው ገና አልጎደለም ማለት ይቻላል። ሁለቱም አዩት። ደረጃው ላይ አማቹ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ!» እያለ የሆነ ሰው ያዛል።

«ፊቱስ?» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ። «መጨረሻ ላይ ፊቱ እንዴት ነበር?»

ይህን ያውቀዋል። ከዚህ በቀር ምንም አያውቅም።

«እዚህ ያለችው መስመር» አለ፣ የራሱን ቅንድቦች መካከል ነክቶ። «ጠፍታ ነበር።»

«ሙሉ በሙሉ?»

«ሙሉ በሙሉ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግንባር ነበር።»

ከዚያ ሳፋው ውስጥ ሳታይ፣ እጇ የገጠማትን አንዲት ነጭ ጡብ አወጣችና አሳንሰሯ አጠገብ፣ የጡቧ ይሁን አይሁን በማታውቀው ቦታ ላይ አስቀመጠቻት።

«እዚህ ጫን» አለች።

አውራ ጣቱን አሳርፎ ጫነ። ቀጭ አለች። በልማዱ ፊቷን እያየ ነበር፤ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ ጣቱን አየ።

«ገብታለች እኮ» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ። ጣቱን ግን አላነሳም።